ድምፅ አከራይ

እኔ ድምፅ አከራይ ነኝ፤
ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለጨረታ፣ ለስብሰባ።
ሁለት ስፒከር አለኝ፤ አንደኛው ያስላል ክረምት ሲገባ።
የማይኬ አንገት ተሰብሮ በፕላስተር ጠምጥሜዋለሁ፤
"አንድ፣ ሁለት… አንድ፣ ሁለት…" እላለሁ።
አሥራ ስምንት ዓመት ስቆጥር ሦስት ብዬ አላውቅም፤
ሦስት የባለመድረኩ ነው፣ እኔ እሱን አልነካም።

ቅዳሜ የጠሩኝ ልጆች መጋዘን ነው የያዙት፣
ባሕር ዳር፣ ከዓሣ ተራው ጀርባ፤ የስሚንቶ ነበር ድሮ፤
ግድግዳው ሲነኩት ዱቄት ነው፣ ዝናብ ከመጣ ጣሪያው ከበሮ።
ማስታወቂያቸውን ዘንባባ ግንድ ላይ በሙጫ ለጥፈዋል፤
ግማሹን ፍየል በልቶት "ራፕ" የሚለው ብቻ ተርፏል።

ስጦታው ቀን ቀን ባጃጅ ይነዳል፤
ማታ ላፕቶፑን ከፍቶ ሐይቁን ይቆራርጣል፦
የዘጌ ጀልባ ሞተር፣ ዱግ ዱግ ዱግ፤
ቅርፊት የሚፍቅ ቢላዋ፤
መረብ ውሃውን ሲመታ፤
ከሁሉም በላይ ግን የአንድ ታንኳ ቀዛፊ ድምፅ፣
ደንገል ሲያጭድ፣ አንድ ጧት በስልኩ የሰረቀው።
"እሆ…" ብሎ የጀመረውን ሳያስጨርስ ይቆርጠዋል፤
እሆ እሆ፣ እ እ እ፣ እሆ፤
ሪሚክስ ይለዋል።

ባንቻምላክ ደግሞ ጨርቃ ጨርቅ ነው የምትሠራ፣
የተበጠሰ ክር ቀጣይ።
"ማሽኑ ነው ያስተማረኝ" ትላለች፣ "ሳልተነፍስ መናገር፤
ቆም ካልኩ ይበጠሳል፣ ክር በለው ዐረፍተ ነገር።"
ፈረቃ ቀይራ መጣች። ጥጥ ፀጉሯ ላይ እንዳለ።
ማይኬን እንደ ቀሰም ያዘችው፦

"ቤት ስመታ አድራለሁ፣ ቤት ግን የለኝም፤
አከራዬ ሲጨምር ዜማ አልጨመረልኝም!"

መጋዘኑ ዘለለ። ስሚንቶ ከግድግዳው ተነሥቶ
የልጆቹን ፀጉር አሸበተ በአንድ አፍታ ገብቶ።

"ጣና ዳር አድጌ ዐባይ አይጠፋኝም፤
በየት በኩል እንደሚወጣ ማንም አይነግረኝም!"

አዘጋጁ ከበሩ አጠገብ አብሮ ያጨበጭብ ነበር።
እኔም ቤዙን ጨመርኩ፣ ለወንዙ ክብር።

በዚህ መሀል ነው አንድ ሽማግሌ ክንዴን የነካኝ፣
ሱሪው እስከ ጉልበቱ እርጥብ።
"ይሄ ድምፅ የኔ ነው" አለኝ።
"አባቴ፣ እኔ ማከራየት ብቻ…"
"እኔ መች ተንተባትቤ አውቃለሁ? እ እ እ የሚለው ማነው?
እንጉርጉሮውን አይጨርሰውም እንዴ?
ደግሞስ ኪራዩ?"
አያ ይበልጣል ይባላል። መልስ አልነበረኝም፤
ድምፅ እንደሚከራይ እንጂ ባለቤት እንዳለው አስቤ አላውቅም።

ያኔ መብራት ሄደ።
ስልኮች በሩ፤ ሌሊት የወጡ ዓሣ አጥማጆች መሰልን።
ዓሣ የሚያቀዘቅዘው ጎረቤት ጄኔሬተሩን አዋሰን፤
ገመዱ ቢሳብ፣ ቢሳብ፣ በአምስተኛው ተነሣ፦
ዱግ ዱግ ዱግ… ዱግ፣
አንዱን እየሳተ፣ እንደ አንካሳ።
ላፕቶፑ ግን እምቢ አለ። ስጦታው ቁልፎቹን ቢነካካ ምንም።

ባንቻምላክ የሚስተውን እግር ጠበቀች፣
ቃሏን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ጣለች፤
ደግማ ጣለች፤
ማሽን ታውቃለች፣ ምን ይደንቃታል።
ትንፋሽ ልትወስድ ዘወር ስትል፣ እኔን ምን እንደነካኝ
ማይኩን ተቀብዬ ለሽማግሌው ሰጠሁት።
አገላብጦ አየው፣ እንደ ገበያ ዓሣ፣ ጉሮሮው አካባቢ።
"አንድ" አለ። "ሁለት" አለ።
"ሦስት።"
ከዚያ ያችን "እሆ" እስከ ጥጓ ቀዘፋት፤
ማንም አልቆረጠበትም።
ባንቻምላክ እንኳ አፏን ይዛ ቆመች።

ዕቃዬን ባጃጅ ላይ ስጭን ስድስት ሰዓት አልፏል።
የማይኩ ፕላስተር ረጥቧል፣ በማን ትንፋሽ እንደሆነ አልለየሁም።
አዘጋጁን ሒሳብ ብንለው የለም።
ስልኩ ዝግ። የኋላው በር ክፍት።
አያ ይበልጣል ስፒከሬ ላይ ተቀምጦ ሱሪውን እየጨመቀ ሳቀ፦
"ልጅቱ ነግራህ አልነበር?
በየት በኩል እንደሚወጣ!"